የአባቷን ፊት ትታ ሎሚ የሣለችው ልጅ

ባለፈው ጥቅምት አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ። የሒሳብ መዝገብ ወረቀት ላይ ፊትና ጀርባ የተጻፈ ነው። ጥጉን ሰማያዊ ነገር ነክቶታል። የእስክሪብቶ ቀለም መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ሳሸተው ነው የዘይት ቀለም መሆኑ የገባኝ። ያን ጊዜ ለእናንተ አላቀረብኩትም፤ ለምን እንዳላቀረብኩት ወደ ታች እነግራችኋለሁ። አሁን ግን ጸሐፊዋ ፈቅዳልኛለችና፣ ማንነቷን የሚጠቁመውን አውጥቼ እነሆ፦

«ውድ አዘጋጅ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ። እኔ የ26 ዓመት ወጣት ስሆን በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከእናቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር በሁለት ክፍል ቤት እንኖራለን። አባቴ ካረፈ አራት ዓመት ሆነው። ከልጅነቴ ጀምሮ በእርሳስ መሣል እወዳለሁ፤ አባቴም ‹የኔ ሠዓሊ› ነበር የሚለኝ። ሥነ ጥበብ ለመማር ሁለት ጊዜ የመግቢያ ፈተና ተፈትኜ ሁለቱንም ወድቄአለሁ።

«አባቴ ባረፈ በዓመቱ ለእናቴ ቃል ገባሁ። ትልቅ ሥዕሉን ሠርቼ ሳሎን እሰቅልልሻለሁ አልኳት። ያጠራቀምኩትን ብር አውጥቼ ሸራና ቀለም ገዛሁ። ሸራው ቁመቱ ሜትር ተኩል፣ ወርዱ አንድ ሜትር ነው። ይኸው ሦስት ዓመት ሙሉ አልጋዬ ጀርባ ቆሟል። ኮቱን ጨርሻለሁ። ክራባቱንም ጨርሻለሁ። ፊቱ ግን እምቢ አለኝ። አምስት ጊዜ ፍቄ አምስት ጊዜ ጀመርኩት። አንዴ አጎቴን ይመስላል፣ አንዴ ማንንም አይመስልም። ቀለሙ እያለቀብኝ ሲሄድ እንዲበረክትልኝ ብዬ የምግብ ዘይት ቀላቀልኩበት፤ ያ ቦታ እስከ ዛሬ ጣት ሲነካው ይጣበቃል።

«እናቴ መጀመሪያ ‹የት ደረሰ?› ትለኝ ነበር። አሁን መጠየቅ ትታለች። ቤት ስትጠርግ ሸራውን ወደ ግድግዳ አዙራ እንደምታቆመው አይቻለሁ። ከሁሉም የሚያመኝ እሱ ነው። እጄ የተረገመ ይሆን? ላቃጥለውና ይውጣልኝ? ወይስ ሥራዬን ለቅቄ ሙሉ ጊዜዬን ልስጠው? እባክዎ ቁርጡን ይንገሩኝ። ግራ የገባኝ ነኝ፣ ከኮተቤ።»

መቼም ይህ አምድ የለመደው «ትቶኝ ሄደ»ን ነው፤ «እናቱ አልወደደችኝም»ን ነው። ለእነዚያ መልስ አላጣም። «የአባቴ ፊት እምቢ አለኝ» ለምትል ልጅ ግን ምን ይባላል? እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ «እህቴ፣ ተስፋ አትቁረጪ፣ በርቺ» ብዬ ጽፌ ነበር። ቀደድኩት። ሦስት ዓመት የበረታችን ልጅ በርቺ ቢሏት ምን ይፈይድላታል?

ስለዚህ ደብዳቤውን ይዤ ወደማውቃቸው አንድ አዛውንት ሠዓሊ ሄድኩ። ብዙ ዓመት ያስተማሩ፣ አሁን ጡረታ ላይ ያሉ፣ ሲቆጡ የሚያስፈሩ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡት። የምግብ ዘይቱ ላይ ሲደርሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ልጅቷ ሎሚ ሥላ ታውቃለች?»

እኔ በምን አውቄ!

በሳምንቱ ልጅቷ ራሷ መጣች። ሸራው ታክሲ ስለማይገባ በስልኳ አንስታው፣ የምትሥልበትን የአባቷን ጉርድ ፎቶ ደግሞ በፖስታ ጠቅልላ ይዛለች። ሽማግሌው ሸራውን ብዙም አላዩትም። ጉርድ ፎቶውን ግን መስኮት ድረስ ወስደው አገላብጠው አዩት።

«ስሚ ልጄ» አሏት፤ «ይህን ሲያነሡ ፍላሹ ፊት ለፊት ነው የመታቸው። አየሽ? ከአፍንጫቸው ሥር ጥላ የለም። ጉንጫቸው ጥግ ጥላ የለም። ፊት ክብነቱ የሚታወቀው በአንድ ወገን በርቶ በሌላው ሲጨልም ነው። ይህን ይዤ እኔም ብሆን አልወጣውም። በይ አሁን ንገሪኝ፣ በዘይት ቀለም ጀምረሽ የጨረስሽው ስንት ሥዕል አለሽ?»

«ይሄ ነው ጋሼ፤ እሱም አላለቀም።»

«ከዚህ ሌላስ?»

«ከዚህ ሌላ አልጀመርኩም።»

«እንግዲያው አንድም ጨርሰሽ አታውቂም።»

ዝም አለች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔም ባላመጣኋት ኖሮ አልኩ። ግን ሽማግሌው የተናገሩት ትክክል ነበር። ሽሮ ሠርታ የማታውቅ ልጅ የሠርግ ዶሮ ወጥ ላይ ተጥዳ ሦስት ዓመት ብታማስል ማን ይፈርድባታል? በእጇ ልትፈርድ የምትችለው ደግሞ እሷ ራሷ አይደለችም፤ እጇ ገና ምንም ሠርቶ አላሳያትም። ሥዕል ሲያልቅ የሚታይ ነገር አለ፤ የት ላይ እንደተበላሸ ዕለቱን ይታያል፣ ነገም ሌላ ይጀመራል። እሷ ግን በሦስት ዓመት ውስጥ አንዲት ሥዕል እንኳ ጨርሳ ገሸሽ ብላ አይታ አታውቅም።

ሽማግሌው ወረቀት ስበው ሒሳብ ሠሩላት፤ ሒሳብ ሠራተኛ ናትና ቶሎ ገባት። ሸራዋ 100 በ150 ሴንቲ ሜትር ነው። ይህ ስፋት በ15 በ20 ሴንቲ ሜትር ሲከፋፈል 50 ትናንሽ ሥዕል ይወጣዋል። በአንዱ ሸራ ፈንታ 50 ጊዜ መጀመር፣ 50 ጊዜ መጨረስ ማለት ነው። ትእዛዛቸው ይህ ነበር፦ ሸራው ይቁም፤ አይቃጠል፣ አይነካም። ከሥራ መልስ በሳምንት አራት ምሽት፣ አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ፣ አንዲት ትንሽ ጣውላ ላይ አንድ ዕቃ። ሎሚ፣ ሽንኩርት፣ ሲኒ፣ ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ። አማረም አላማረም ዕለቱን ያልቃል። በማግስቱ ማረም ክልክል ነው፤ አዲስ ይጀመራል። ሥራ መልቀቅ? «አትቀልጂ» አሏት።

ልጅቷ ግን አልተዋጠላትም። «እኔ አባቴን ነው የምፈልገው ጋሼ፤ ሎሚማ የሕፃን ነው» አለች። እኔም በሆዴ እውነቷን ነው ብያለሁ።

እዚህ ላይ ነው ሽማግሌው ወሬ የጀመሩት። ቫን ጎግን ታውቂዋለሽ አሏት። ማን የማያውቀው አለ? እሱ ሠዓሊ ልሁን ብሎ የቆረጠው እ.ኤ.አ. በ1880፣ በ27 ዓመቱ ነው፤ አንቺን በአንድ ዓመት ይበልጥሻል። እ.ኤ.አ. በ1886 ፓሪስ ሲገባ የሚሣለው ሰው ፊቱ ተቀምጦ እንዲቆይለት የሚከፍለው ገንዘብ አልነበረውም። ምን አደረገ? ያን በጋ አበባ እያስቀመጠ ሣለ፤ አሁንም አበባ፣ አሁንም አበባ። ከዚያ በፊት ቀለሙ ጭቃ የመሰለ ጥቁር ቡናማ ነበር፤ ዛሬ ዓለም የሚያውቀውን ደማቅ ቀለሙን የተማረው በእነዚያ አበቦች ነው።

ጆርጆ ሞራንዲ የሚባል ጣሊያናዊ ደግሞ አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1890 እስከ 1964 የኖረ። ቦሎኛ ከተማ ውስጥ ከሦስት እህቶቹ ጋር እየኖረ፣ በሚተኛባት ክፍል ውስጥ ጠርሙስ፣ ጣሳና ማሰሮ እየደረደረ ዕድሜውን ሙሉ እነሱኑ ሣለ። ሥዕሎቹ አብዛኞቹ ብብት ሥር የሚያዙ ናቸው። ክፍሉ ጠቦኝ ነው የሚል ሰው ይህን ይስማ።

ልጅቷን ፈገግ ያሰኛት ግን የማኔ ወሬ ነው። ኤድዋርድ ማኔ የተባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1880 አንድ እስር አስፓራገስ ሣለና ለሻርል ኤፍሩሲ በ800 ፍራንክ ሸጠው። አስፓራገስ እንደ ሸንበቆ ቡቃያ ያለ አትክልት ነው። ሰውየው ደስ ብሎት 1,000 ፍራንክ ላከ። ማኔ ታዲያ መልስ አልመለሰም፤ 16 በ21 ሴንቲ ሜትር ግድም በሆነች ትንሽ ሸራ ላይ አንዲት ዘለላ አስፓራገስ ብቻዋን ሣለና «ከእስሩ አንድ ጎድላ ነበር» ብሎ ላከለት። ያቺ አንዲት ዘለላ ዛሬ ፓሪስ ኦርሴ ሙዚየም ተሰቅላለች። «አየሽ» አሏት፤ «ትንሽ ሥዕል የሕፃን አይደለም።»

ቅርብ ጊዜም ምሳሌ አለ። ዱዌይን ካይሰር የሚባል አሜሪካዊ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ በቀን አንድ ፖስት ካርድ የምታክል የዘይት ሥዕል መሣል ጀመረና በኢንተርኔት ይሸጣት ገባ። ብዙዎች ተከተሉት። መቼም ከእናንተ መካከል «ይሸጣል ወይ?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። የሚሸጥለት አለ፣ የማይሸጥለት ይበልጣል። በዚያ ሒሳብ ቤት ኪራይ አትከራዩ።

እዚህ ላይ ለምን ደብዳቤውን ያኔ እንዳላወጣሁት ልናገር። «ሎሚ ሣዪ» የሚለው ምክር መሥራት አለመሥራቱን ሳላይ ለእናንተ ማቀበል አልፈለግኩም። ልጅቷ እስከ ግንቦት እሞክራለሁ ብላ ሄደች። እኔም ጠበቅኩ።

ወደ ውጤቱ ከማለፌ በፊት፣ እስካሁን ስታነቡ እጃችሁን የበላችሁ ካላችሁ፣ ከሽማግሌው የሰማሁትንና ልጅቷ በኪሳራ የተማረችውን ላካፍላችሁ።

ሸራ አትግዙ። አናጢ ቤት የሚጣል ስስ የጣውላ ቁራጭ ወይም ጠንካራ ካርቶን ይበቃል። ግን ባዶውን አትቀቡት፤ የቀለሙ ዘይት ወረቀቱን ውስጥ ለውስጥ ይበላዋል። አስቀድሞ የሠዓሊዎች ነጭ ማለስለሻ ሁለት ጊዜ ይቀባል። የሥዕል ዕቃ መደብሮች «ጀሶ» ይሉታል፤ አደራ፣ ግንበኛው ግድግዳ የሚለስንበት ጀሶ አይደለም፤ አንድ ልጅ እሱን ቀብቶ ሥዕሉ ተሰነጣጥቆበታል። ቀለም አምስት ይበቃል፦ ነጭ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ሰማያዊና ቡናማ። ጥቁር አያስፈልግም፤ ጥቁር ሰማያዊና ጥቁር ቡናማ ሲቀላቀሉ ከሱቅ ጥቁር የተሻለ ጥቁር ይወጣቸዋል። ነጩ ቶሎ ያልቃልና ትልቁን ቱቦ ግዙ።

አሁን ስለዘይቱ። የዘይት ቀለም ዘይቱ ባብዛኛው የተልባ ዘይት ነው። ያው እኛ በጾም የምንጠጣው ተልባ። የተልባ ዘይት እንደ ውሃ ተንኖ አይደለም የሚደርቀው፤ ከአየር ጋር ተዋህዶ ይጠነክራል። የፓልም ዘይት ይህን ጠባይ አያውቅም፤ ዓመት ቢቆይም እንደረጠበ ነው። የልጅቷ ሸራ የሚጣበቀው ለዚህ ነው። የምግብ ዘይት ለሥዕል የሚጠቅመው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ብሩሽ ማጽጃ። በእሱ አሽቶ በጨርቅ መጥረግ፣ ከዚያ በሳሙና በደንብ ማጠብ። እንደዚያ ስታደርጉ የተርፔንታይን ሽታ ከቤታችሁ ይርቃል። ሰው በሚተኛበት ክፍል መስኮት ዘግቶ በተርፔንታይን መሥራት ራስ ምታት ብቻ አይደለም የሚያመጣው። ቤንዚን የሚጠቀሙም አሉ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ከሰል በሚነድበት ቤት! ተዉ እንጂ።

ሌላም አለ፤ ይህችን ሳታነቡ እንዳታልፉ። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨማዶ፣ ተከምሮ ከተቀመጠ በራሱ ጊዜ እየጋለ ሊቀጣጠል ይችላል። ክብሪት የነካው የለም፣ ግን ይነዳል። ውሃ ውስጥ ነክራችሁ፣ ዘርግታችሁ ውጭ አስጡት።

ብርሃን ከአንድ ወገን ብቻ ይምጣ። የውጭ መጻሕፍት «በሰሜን በኩል መስኮት ያለው ክፍል ምረጥ» ይላሉ። ያ ለአውሮፓ ነው፤ እዚያ የቀትር ፀሐይ ሁሌም በደቡብ ናት። አዲስ አበባ ላይ ግን ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው፤ ደመና ከሌለ በሰሜኑ መስኮት ትገባለች። ለማንኛውም ከሥራ የምትመለሱት ከመሸ ስለሆነ መጻሕፍቱም እኛም አንጣላም። ልጅቷ የጫማ ካርቶን አንድ ጎኑን ቀዳ፣ ውስጡን ጥቁር ወረቀት ለጥፋ፣ በቀዳዳው በኩል አንዲት አምፖል አቆመች። ሎሚው ካርቶኑ ውስጥ ይቀመጣል፤ ጥላው አንድ ወገን ብቻ ይወድቃል፣ ሰዓቱም ቢሄድ አይንቀሳቀስም። መብራት ሲጠፋ? ብሩሽ አጥቦ መተኛት።

እርጥቡን ሥዕል የት ላድርገው ለምትሉ፦ ካርቶን ውስጥ በቁሙ ደርድራችሁ በመሃል በመሃል የክብሪት እንጨት ጣል አድርጉ፤ አይነካካም። እንደ ቀለሙ ውፍረት በጥቂት ቀን ወይም በሁለት ሳምንት እጅ ያስነካል።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ልጅቷ ሁለት የብስኩት ካርቶን ተሸክማ ሽማግሌው ቤት መጣች። ከኅዳር ጀምሮ በሳምንት አራት ቢሆን ኖሮ ከመቶ ያልፍ ነበር። 74 ናቸው። ገና አለ፣ ፋሲካ አለ፣ ወንድሟ ታሞ ሁለት ሳምንት አስታማለች፤ «አንዳንዴ ደግሞ ጋሼ፣ እንዲሁ አስጠልቶኝ ነው» አለች። ሽማግሌው በዚህኛው ምክንያት አልተቆጡም። ሁሉንም ወለል ላይ በተራ ደረደርናቸው። ከጀርባቸው ቀንና አንዲት መስመር ተጽፎባቸዋል፤ ዕለቱን የከሸፈው ነገር። «ጥላው ጭቃ ሆነ።» «ሲኒው ወደቀ።» «ነጩን አበዛሁ።» ይህንንም ያዘዟት ሽማግሌው ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ አሥሩ፣ እውነት እንነጋገርና፣ አያምሩም። ሎሚው ሳንቲም ይመስላል። የጨለመው ጎኑ አረንጓዴ ሆኗል፤ ቢጫን በጥቁር ሲያጨልሙት አረንጓዴ ይሆናልና። ቡናማ ጠብ ማድረግ እንዳለባት የገባት በ9ኛው ነው። ጥላው ሁሉ ቀዳዳ ይመስል ጥቁር ነው። በ15ኛው ግድም ከሎሚው ሥር፣ ጥላው ውስጥ፣ ትንሽ ቢጫ ብቅ አለ። ነጩ ጨርቅ ላይ የሎሚው ቢጫ ሲያርፍ አይታ ነው። «ማን ነገረሽ?» አሏት ሽማግሌው። «ማንም፤ እዚያ ነበር» አለች። ለአምስት ጊዜ ያህል ዝም ብለው ያቺን ጣውላ ደጋግመው ሲያነሡ አይቻለሁ።

ሲኒዎቹ ላይ ደግሞ ጉድ ነው። ጀማሪ ሁሉ የሲኒን አፍ እንደ ዓይን ሁለት ጫፉን ያሾለዋል፤ መቀመጫውን ደግሞ በማስመሪያ የተሠመረ ያስመስለዋል፤ ጠረጴዛው ቀጥ ያለ ነው ብሎ ስለሚያስብ። ልብ ብላችሁ እዩት፤ ከላይ ሆነን ስናየው የሲኒው ሥር እንዲያውም ከአፉ ይበልጥ ክብ ሆኖ ነው የሚታየው። ስድስት ሲኒ ከወደቀባት በኋላ ሰባተኛው ቆመ።

ከ22 እስከ 29 ያሉት ስምንቱ እንደገና ሎሚ ናቸው። ለእኔ ቆንጆ ነበሩ። ሽማግሌው ግን ፊታቸው ጠቆረ። «እነዚህን ስትሥዪ ሎሚው ነበር?» አሏት። ነበር አለች። «ነበር፣ ግን አላየሽውም። ትናንት የሣልሽውን ሎሚ ነው ዛሬ የገለበጥሽው።» እውነትም ብርሃኑ ያረፈበት ነጭ ነጥብ በስምንቱም ላይ አንድ ቦታ ነው፤ አንዲት ነጥብ ሳይዛነፍ። ማታ ማታ መሥራት ብቻውን ነገር እንደማይሆን ያየሁት እዚህ ላይ ነው። ልጅቷም ለካስ ያኔ ጠርጥራ ኖሮ፣ ከ30ኛው ጀምሮ ራሷን ቀጥታለች፦ እንቁላል በነጭ ጨርቅ ላይ። ነጭ በነጭ። ለሦስት ሳምንት አለቀሰች። እንቁላሉ ውስጥ ግራጫ አለ፣ ሐምራዊ የመሰለ አለ፣ ከጨርቁ የሚመጣ ሙቀት አለ፤ እውነተኛው ነጭ አንዲት ጠብታ ብቻ ናት፣ እሷም በመጨረሻ ነው የምትቀመጠው። ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ማየት የለመደችው ያኔ ነው፤ ዝርዝሩ ጠፍቶ ብርሃንና ጨለማው ብቻ ይቀራል። ከ40 በኋላ የመጣው ጀበና የዚያ ፍሬ ነው። ጀበና ጥቁር ነው ትላላችሁ? እሷ ሣለችው፤ አንድ ጠብታ ጥቁር የለበትም።

እናቷ በመጀመሪያ ሰሞን «ሎሚዬን ማን ወሰደው?» እያለች ስታማርር ነበር አሉ። ኋላ ከገበያ ስትመለስ ቅጠል ያልተቆረጠለት ሎሚ ለይታ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ጀመረች። ምንም አትናገርም። ብቻ ታስቀምጣለች።

ከ60 በኋላ ያሉትን ሳይ ዝም አልኩ። የሰውዬ ዕቃዎች ናቸው። የቆዳ ቦርሳ። የተላጨበት ብሩሽ። ቆቡ። 67ኛው ላይ የታጠፈ ጋዜጣ አለ፤ ከላዩ መነጽር። የመነጽሩ ግራ እግር ተሰብሮ በቀጭን ሽቦ ታስሯል፤ ሽቦው ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ብርሃን አርፋለች። ይህችን ስትሥል እናቷ ከኋላዋ መጥታ ቆመች። «ያቺን ሽቦ እኮ እኔ ነኝ ያሰርኩለት» አለቻት። ልጅቷ ይህን ስትነግረን ሥዕሉን በእጇ ይዛ ነበር። ሌሎቹን ለሽማግሌው ትታ ሄዳለች፤ 67ኛውን ግን በፖስታ ጠቅልላ መለሰችው። ሳሎን ሬዲዮኑ ጎን ነው ቦታው፤ ያስቀመጡት እናቲቱ ናቸው።

የሸራውስ ነገር? ሽማግሌው አልሸነገሏትም። የማይደርቅ ዘይት ላይ ምንም ቢቀቡበት አይይዝም፤ ሸራው ከእንግዲህ ለምንም አይሆንም። ይህን ስትሰማ አላለቀሰችም። ሦስት ቀን አሰበችበት፤ በአራተኛው ቀን ከወንድሟ ጋር ሚስማሩን ነቅለው ጨርቁን አወጡት። ኮትና ክራባቱ ያለበትን ቁራጭ ቆርጣ አስቀርታለች። እንጨቱ ባዶውን እስካሁን አልጋዋ ጀርባ ቆሟል፤ አዲስ ጨርቅ አልገዛችም።

ፎቶ ፍለጋ ላይ ናት። አንዲት አክስቷ ክፍለ ሀገር አባቷ በር ላይ ቁጭ ብሎ፣ ጠዋት፣ ፀሐይ በአንድ ጎኑ እየመታችው የተነሣው አለ ብላታለች። እስኪላክላት ድረስ ሽንኩርት ላይ ናት፤ ቀይ ሽንኩርት፣ ግማሹ የተላጠ። ባለፈው ማክሰኞ ስደውልላት «ልጣጩ ብርሃን ያሳልፋል እኮ፣ አይተኸው ታውቃለህ?» አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ ወጥ ቤት ገባሁና አንዱን አንስቼ አምፖሉ ላይ ያዝኩት።